በዘነበወርቅ ሰማይ ላይ ብንዘልስ?
የመጀመሪያው የፓራሹት ዝላይና የስስ አየር ሳይንስ

ከመካከላችን በልጅነቱ የፌስታል ጫፎችን በክር አሥሮ፣ በክሮቹ መጨረሻ ጠጠር አንጠልጥሎ ከፎቅ ወይም ከግንብ ላይ ቁልቁል ያልለቀቀ ጥቂት ሰው ነው። ጠጠሩ መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ወዲያው ፌስታሉ በአየር ይሞላና ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ጠጠሩ መቸኮሉን ትቶ ቀስ እያለ መሬት ይደርሳል። ከዘነበወርቅ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ሰማይ የተመለከተ ሰው ደግሞ ጭላት ክንፉንና ጅራቱን ዘርግቶ፣ ክንፉን ሳያርገበግብ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያንዣብብ ያያል። ፌስታሉም ሆነ ጭላቱ የሚደገፉት በማይታየው አየር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሰው በዚሁ አየር ሲደገፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚዘል ሰው ምን ይገጥመዋል? ሰውነቱ ምን ይሰማዋል? ከሞት የሚያድነውስ የትኛው የተፈጥሮ ሕግ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ በመጻሕፍቱ የሚገኙት ቁጥሮች በአብዛኛው የተሰሉት ለባሕር ወለል ወይም ለዚያ ለቀረበ ቦታ ነው። እኛ የምንኖረው ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ዘላያችንን በሐሳብ በዘነበወርቅ ሰማይ ላይ እናውጣውና ቁጥሮቹን ለራሳችን አየር እንደገና እናስላ። በሐሳብ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘነበወርቅ ዛሬ ቤት ከቤት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሽቦ የተያያዘበት ሠፈር በመሆኑ በእውነቱ ማንም ሊያርፍበት የሚገባ ቦታ አይደለም።

ፓራሹት በአገራችን

የታሪክ መጻሕፍት እንደሚያስረዱት፣ ከከፍተኛ ቦታ በፓራሹት በመውረድ ስሙ በቅድሚያ የሚጠራው ፈረንሣዊው አንድሬ ዣክ ጋርነሬ ነው። ጋርነሬ በጥቅምት ወር 1797 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በፊኛ ወደ ላይ ወጥቶ ከጨርቅ በተሠራ ፓራሹት ወረደ። ፓራሹቱ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘው ቢያስጨንቀውም በሕይወት መሬት ደረሰ። ለመወዛወዙ ዋናው ምክንያት በጨርቁ ሥር የታጨቀው አየር መውጫ አጥቶ አንድ ጊዜ በአንዱ ጠርዝ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው ጠርዝ በኩል ማምለጡ ነው። ዛሬ በክብ ፓራሹቶች አናት ላይ ቀዳዳ የሚተወው ይህን ለመከላከል ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ከተማዋ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን የተቀበለችው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም (1929 እ.ኤ.አ.) ነበር። አውሮፕላኗም ከጅቡቲ የመጣች የፈረንሣይ ሥሪት ፖቴ 25 ነበረች። በ1922 ዓ.ም ደግሞ በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ ሃርለም ይኖር የነበረው ሁበርት ጁልያን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በፓራሹት ዘለለ። ለዚህም የኢትዮጵያ ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጠው። ክብሩ ግን አልዘለቀም፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ከተከበረው የዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ከሰከሰና አገሩን ለቆ ለመሄድ ተገደደ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ፓራሹት በይበልጥ የሚታወቀው በአየር ወለድ ወታደሮች ነው።

ዘነበወርቅን ከአውሮፕላን ታሪክ ጋር የሚያገናኛት ሌላም ነገር አለ። ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» የምንለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም (1946 እ.ኤ.አ.) በረራ ሲጀምር መነሻው ይኸው ሜዳ ነበር፤ የጄት ዘመን ሲመጣ ግን ሜዳው አልበቃምና አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ አውሮፕላን ለመነሣት በቆላ ከሚያስፈልገው ይልቅ ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ይህ ስስ አየር ለአውሮፕላን አብራሪ ብቻ ሳይሆን ለዘላዩም ትልቅ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ ቀጥለን እናያለን።

አየራችን ምን ያህል ስስ ነው?

በባሕር ወለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በዘነበወርቅ ከፍታ የአየር ግፊቱ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ሙቀቱን 20 ዲግሪ ብንወስድ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.915 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ በዘነበወርቅ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ተማሪዎች ይህን ቁጥር እንዲይዙት እንጠይቃለን፤ የቀረው ሐተታ በሙሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

ከመነሣት በፊት

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘል ሰው ሁለት ዓይነት መንገድ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው በአየር ወለድ የተለመደው ነው፤ ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረ ገመድ ዘላዩ እንደወጣ ፓራሹቱን ስቦ ይከፍትለታል። በዚህ ዓይነቱ ዝላይ ነፃ ውድቀቱ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለመዝናኛ የሚዘሉ ጀማሪዎች የሚመርጡት የጥንድ ዝላይ ነው፤ ጀማሪው በጠንካራ መታጠቂያ ከአሠልጣኙ ደረት ጋር ይያያዝና ሁለቱ በአንድ ፓራሹት ይወርዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የጥንድ ዝላይ ዝግጅት ብዙ ሰዓት አይፈጅም። ጀማሪው ሲወጣ ወገቡን ወደ ፊት ገፍቶ እንደ ቀስት እንዲለመጥ፣ ራሱን ወደ ኋላ እንዲያዘነብል፣ ሲያርፍ ደግሞ እግሮቹን ወደ ፊት እንዲያነሣ ይማራል። የመለመጡ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሰውነት ከባዱ ክፍል ወደ ታች፣ ቀላሎቹ እጅና እግር ወደ ላይ ሲሆኑ ሰውነት በአየር ውስጥ ሳይገለባበጥ ይረጋጋል። የላባ ኳስ ምንጊዜም በጭንቅላቱ በኩል እየቀደመ የሚወድቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ሳያማክር መዝለል የለበትም። ጉንፋን የያዘውም ቢሆን ቀኑን ማስተላለፍ ይኖርበታል። በሚወርድበት ጊዜ የውጭው የአየር ግፊት በፍጥነት ይጨምራል፤ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ በጉንፋን ከተዘጋ ግን የውስጡ ግፊት ከውጭው ጋር መስተካከል ይሳነውና የጆሮ ታምቡር ክፉኛ ሊታመም ይችላል። ባዶ ሆድ መዝለልም አይመከርም። በጾም ወቅት ከሆነ የዝላዩን ሰዓት ከምግብ በኋላ ማድረጉ ይሻላል፤ ድካምና ራስ ማዞር ከፍርሃት ጋር ሲደመሩ አሠልጣኙ የሚሰጠውን ትእዛዝ መስማት ያዳግታል።

በአውሮፕላኑ ውስጥ

በውጭ አገር የመዝናኛ ዝላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከመሬት በላይ ከ3,000 እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በባሕር ዳርቻ ለሚዘል ሰው ይህ ከራስ ዳሸን አናት ገደማ የሚስተካከል አየር ቢሆን ነው። ከዘነበወርቅ በላይ 4,000 ሜትር ብንወጣ ግን ከባሕር ወለል 6,300 ሜትር ላይ እንገኛለን። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ከግማሽ ያነሰ ነው። እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ኦክስጅን ያነሰው አንጎል መጀመሪያ የሚያጣው ማመዛዘንን ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ሰውየው እየደከመ ሳለ ደኅና የሆነ የሚመስለው መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ «እኛ ደገኞች ለከፍታ የተፈጠርን አይደለንምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቤል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ የደማቸው ሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ የኦክስጅን ሙሌቱ በባሕር ወለል ከሚኖር ሕዝብ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ከአንዲስና ከቲቤት ነዋሪዎች የተለየ፣ ሳይንቲስቶችን ያስገረመ ውጤት ነበር። ነገር ግን በ3,500 ሜትር ተመችቶ መኖር በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 6,300 ሜትር ለመውጣት ዋስትና አይሆንም።

በመሆኑም ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን እንዝለል ካልን፣ በሙያው እንደ ወሰን የሚወሰደውን ከባሕር ወለል 4,500 ሜትር ገደማ ማለፍ የለብንም። ከዚህ ላይ የመሬታችንን 2,300 ሜትር ስንቀንስ የሚቀረን 2,200 ሜትር ብቻ ነው። ፓራሹቱ 1,500 ሜትር ላይ ይከፈት ካልን ለነፃ ውድቀት የሚተርፈው 700 ሜትር፣ ማለትም 15 ሰከንድ ያህል ነው። በባሕር ዳርቻ ከ4,000 ሜትር የሚዘል ሰው ግን 45 ሰከንድ ያህል ያገኛል። ከፍታችን ገና ሳንዘል ግማሽ ደቂቃ ወሰደብን ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች

በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየርና ከፍተኛ ድምፅ ይገባል። ብዙ ጀማሪዎች የሚፈሩት እንደ ፈጣን ሊፍት ወይም እንደ ጅዋጅዌ ሆዳቸው «ወደ ላይ እንዳይወጣ» ነው። በእርግጥ የሚሆነው ከዚህ ይለያል። አውሮፕላኑ ሲበር ወደ ፊት በሰከንድ 40 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዘላዩም ከበሩ እንደወጣ ይህንኑ ፍጥነት ይዞ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ አየሩ በኃይል ይገፋዋል። የፊት ለፊቱ ፍጥነት እየቀነሰ የቁልቁሉ እየጨመረ ሲሄድ፣ ሽግግሩ ቀስ በቀስ በመሆኑ የሆድ መንሳፈፍ ስሜቱ እጅግ ያነሰ ነው።

አየር ባይኖር ኖሮ የዘላዩ ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ይሄድ ነበር። አየር ግን ይቃወማል። የተቃውሞው መጠን በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ በአየሩ እፍግታ፣ አየሩን በሚገጥመው የሰውነት ስፋት፣ በሰውነቱ ቅርጽና በፍጥነቱ ካሬ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ተቃውሞው ከክብደት ጋር የሚተካከልበት ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ወደ ታች የሚስበውና ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል እኩል ይሆናሉ፤ ፍጥነቱም መጨመሩን ያቆማል። ይህ «የመጨረሻ ፍጥነት» ይባላል። ከነመሣሪያው 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በሆዱ ተኝቶ እጅና እግሩን የዘረጋ ሰው በባሕር ወለል አካባቢ የመጨረሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 55 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ለመድረስ 12 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

በጥንድ ዝላይ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን አየሩን የሚገጥመው ስፋት ግን ብዙም አይጨምርም። አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ነውና። ስለዚህ አሠልጣኙ ወዲያው አንዲት ትንሽ ፓራሹት ወደ ኋላ ይለቅቃል። ሥራዋ ሁለቱን ማውረድ ሳይሆን ፍጥነታቸውን ከአንድ ሰው ፍጥነት ጋር ማስተካከል ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ አስደናቂ ነገር አለ። የመጨረሻ ፍጥነት ላይ የደረሰ ሰው ክብደት አልባ አይደለም። አየሩ ሙሉ ክብደቱን ተሸክሞታል። የሚሰማውም እንደ መውደቅ ሳይሆን በጠንካራ የአየር ፍራሽ ላይ እንደ መተኛት ነው።

አሁን የእኛን አየር እናስገባ። የመጨረሻ ፍጥነት ከእፍግታ ዳግም ዘር ጋር ተገላቢጦሽ ግንኙነት አለው። በዘነበወርቅ መሬት አጠገብ እፍግታው በባሕር ወለል ካለው 0.75 እጅ ገደማ ስለሆነ ፍጥነቱ በ16 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ 55 የነበረው 64 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በ4,500 ሜትር ከፍታ ደግሞ 69 ይደርሳል። ስለዚህ ከከፍታ የሚወድቅ ሰው እየቀረበ በሄደ ቁጥር እየፈጠነ አይሄድም፤ የመጨረሻ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ አየሩ እየወፈረ ሲመጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ኦስትሪያዊው ፌሊክስ ባውምጋርትነር ነው። በጥቅምት ወር 2012 እ.ኤ.አ. ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ዘልሎ፣ አየር ከሞላ ጎደል በሌለበት ሥፍራ በሰዓት ከ1,350 ኪሎ ሜትር በላይ በመድረስ ከድምፅ ፈጥኗል። ፓራሹቱን ከመክፈቱ በፊት ግን ወፍራሙ አየር ብቻውን ፍጥነቱን ወደ ጥቂት ክፍልፋይ አወረደው።

ዜሮ የት ነው?

እስካሁን ያየነው የፍጥነት ልዩነት ስሜትን ቢለውጥ እንጂ ሕይወትን አያሳጣ ይሆናል። አሁን የምንመለከተው ግን በቀጥታ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ዘላዮች በእጃቸው ላይ የከፍታ መለኪያ ያሥራሉ። መሣሪያው ርቀትን አይለካም፤ የሚለካው የአየር ግፊትን ነው፤ ግፊቱንም ወደ ሜትር ይለውጣል። ስለዚህ «ዜሮ» የት እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ዘላዩ የሚያስፈልገው ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ አይደለም። ከሚያርፍበት መሬት ያለው ከፍታ ነው።

አንድ ዘላይ መለኪያውን ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ ዜሮ አድርጎ፣ ሳያስተካክል አዲስ አበባ ላይ ዘለለ እንበል። ገና መሬት ላይ ቆሞ ሳለ መለኪያው 1,140 ሜትር ያሳየዋል። በአየር ላይ «1,500 ሜትር» ሲለው ከዘነበወርቅ መሬት በእውነት ያለው ከፍታ 360 ሜትር ብቻ ነው። በሰከንድ 64 ሜትር እየወረደ የሚቀረው ጊዜ ስድስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ፓራሹት ተዘርግቶ እስኪሞላ ሦስትና አራት ሰከንድ ይፈልጋል። ያ ሰው አንድ አፍታ ቢያመነታ፣ ወይም ዋናው ፓራሹት ቢጠላለፍና መጠባበቂያውን መክፈት ቢኖርበት፣ ጊዜ የለውም። የመጠባበቂያ ፓራሹትን በራሱ የሚከፍተው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ የአየር ግፊት ነው፤ እርሱም የማረፊያውን መሬት ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘል ሰው ምንም ያህል ለሥራው እንግዳ ቢሆን፣ ከመነሣቱ በፊት በአሠልጣኙ እጅ ላይ ያለውን መለኪያ ተመልክቶ «ዜሮ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ነውር የለውም፤ ጥሩ አሠልጣኝም ይደሰትበታል።

ፓራሹቱ ሲከፈት

1,500 ሜትር ላይ አሠልጣኙ ፓራሹቱን ይከፍታል። ጀማሪው ወደ ላይ የተወረወረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ወደ ላይ አይሄድም፤ መውረዱን ቀነሰ እንጂ። ፍጥነቱ ከ66 ወደ 6 ሜትር በሰከንድ በአራት ሰከንድ ውስጥ ቢወርድ፣ መታጠቂያው በአማካይ የክብደቱን ሁለት ተኩል እጥፍ ይሸከማል። ይኸው ለውጥ በግማሽ ሰከንድ ቢፈጸም ኖሮ ጭነቱ ከ13 እጥፍ በላይ በደረሰ ነበር፤ ይህም ሰውንም ጨርቅንም ይጎዳል። አራት ማዕዘን ፓራሹቶች ላይ ይህን የሚከላከል ቀላል ብልሃት አለ፤ በገመዶቹ ላይ የሚንሸራተት አነስተኛ ጨርቅ መጀመሪያ ገመዶቹን ሰብስቦ ይይዛል፣ ከዚያ አየሩ ፓራሹቱን እየዘረጋው ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ጩኸቱ ሁሉ ጸጥ ይላል። ብዙ ዘላዮች ከነፃ ውድቀቱ ይልቅ የሚያስታውሱት ይህን ጸጥታ ነው። ጀማሪው ዙሪያውን ለማየት አምስት ደቂቃ ያህል ያገኛል። በሐሳባችን ከሆነ በስተሰሜን እንጦጦን፣ በስተምዕራብ ወጨጫን፣ ከእግሩ ሥር ደግሞ የአለርትን ግቢ ዛፎች ያያል። ጆሮው ከተደፈነበት ምራቁን መዋጥ ይበቃዋል።

ማረፍ

ስስ አየር የመጨረሻ ሒሳቡን የሚያወራርደው እዚህ ላይ ነው። በባሕር ወለል በሰከንድ 5 ሜትር የሚያወርድ ፓራሹት በዘነበወርቅ 5.8 ሜትር ያወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የእንቅስቃሴ ኢነርጂ የሚጨምረው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ስለዚህ እግር የሚቀበለው ኢነርጂ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ይህም ከ1.3 ሜትር ግንብ በመዝለልና ከ1.7 ሜትር ግንብ በመዝለል መካከል ያለው ልዩነት ነው። በከፍታ ቦታ ለሚዘል ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሰው ሰፋ ያለ ፓራሹት የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረውን ኢነርጂ ማብረድ የዘላዩ ድርሻ ነው። በ5.8 ሜትር በሰከንድ የመጣ ሰው እግሩን አድርቆ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ሰውነቱ የክብደቱን 30 እጥፍ የሚያልፍ ኃይል ይቀበላል። ጉልበቱን አጥፎ፣ ተንከባልሎ፣ መቆሚያውን ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ቢያስረዝመው ግን ከአምስት እጥፍ ያነሰ ይሆናል። አየር ወለዶች ሁለት እግራቸውን ገጥመው፣ ጉልበታቸውን ዐጠፍ አድርገው ወደ ጎን የሚንከባለሉት ለዚህ ነው። በጥንድ ዝላይ ደግሞ አሠልጣኙ ወደ ነፋሱ ዞሮ፣ መሬት ሊደርስ ሲል ሁለቱንም መሪ ገመዶች ወደ ታች ይስባል። የፓራሹቱ የኋላ ጠርዝ ሲታጠፍ የፊት ለፊት ፍጥነቱ ለአፍታ ወደ ማንሻ ኃይል ይለወጣል። ጭላት ሊያርፍ ሲል ክንፉንና ጅራቱን ወደ ታች የሚቀለብሰው ይህንኑ ለማድረግ ነው።

ፍርሃትና ጊዜ

ከወረዱ በኋላ ብዙ ጀማሪዎች «ጊዜው የቆመ መስሎኝ ነበር» ይላሉ። በፍርሃት ጊዜ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይመታል፤ የዓይን ብሌን ይሰፋል። አንጎልስ በእውነት ፈጥኖ ያይ ይሆን? ዴቪድ ኢግልማንና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎችን ከ31 ሜትር ከፍታ ወደ መረብ እንዲወድቁ አድርገው፣ በእጃቸው ላይ በፍጥነት የሚፈራረቁ ቁጥሮች አሳዩአቸው። ተሳታፊዎቹ የራሳቸው ውድቀት ከሌሎች ሰዎች ውድቀት በሲሶ ያህል የረዘመ መሰላቸው። ቁጥሮቹን የማንበብ ችሎታቸው ግን ከወትሮው አልፈጠነም። ጊዜ የረዘመው በዓይን ሳይሆን በትዝታ ነው፤ ፈሪ አንጎል ብዙ ዝርዝር ይመዘግባልና።

እኛም እንሞክረው

አውሮፕላን ባናገኝም ፌስታል አለን። አንድ ፌስታል ቆርጣችሁ እኩል ርዝመት ባላቸው አራት ክሮች እሠሩት፤ በአናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተዉለት። የፌስታሉ፣ የክሩና የጠጠሩ ድምር በመጀመሪያ 10 ግራም፣ ቀጥሎ 40 ግራም እንዲሆን አድርጋችሁ፣ ከታች ሰው በሌለበት ከትምህርት ቤታችሁ ፎቅ ላይ በመምህር ፈቃድ ልቀቁት። ፌስታሉ ከተነፋ በኋላ ያለውን ጉዞ በሰዓት ለኩ። ክብደቱ አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሳይሆን እጥፍ ብቻ እንደሚሆን ታገኛላችሁ።

ዘመድ ጥየቃ ድሬዳዋ የሚሄድ ተማሪ ይህንኑ ፌስታል ይዞ ቢሄድና በእኩል ከፍታ ቢለቅቀው፣ መውረጃ ጊዜው በ6 በመቶ ገደማ መርዘም አለበት። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነና እጅ በሰዓት ላይ ስለሚሳሳት፣ በየቦታው ሃያ ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል። በቀዳዳውና ያለ ቀዳዳው ያለውን መወዛወዝም አወዳድሩ፤ ጋርነሬ ፓሪስ ላይ የደረሰበትን በእጃችሁ ታዩታላችሁ።

ማጠቃለያ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘል ሰው ጩኸት፣ ቅዝቃዜ፣ የአየር ፍራሽ፣ ድንገተኛ ጸጥታና ከመሬት ጋር መገናኘት ይጠብቀዋል። እነዚህ ሁሉ ስሜቶች በአንድ ሕግ ይገዛሉ፤ አየር እንደ እፍግታውና እንደ ፍጥነቱ ካሬ ይቃወማል። ሕጉ በፓሪስም በዘነበወርቅም አንድ ነው። ቁጥሮቹ ግን አንድ አይደሉም። ከባሕር ወለል ላይ ተለክቶ የመጣን ቁጥር ሳይመረምር በደጋ ላይ የሚጠቀም ሰው፣ መለኪያውን በድሬዳዋ ዜሮ አድርጎ አዲስ አበባ ላይ እንደዘለለው ሰው ነው። የምንዘልም ሆነ በመማሪያ ክፍል ተቀምጠን የምናሰላ ሁሉ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የቆምንበትን መሬት ከፍታ እንጠይቅ።

ለአንባቢያን አንድ ጥያቄ ትተን እንሰናበታለን። በባሕር ወለል በሰከንድ 5 ሜትር የሚያወርድ ፓራሹት በዘነበወርቅም በዚያው ፍጥነት እንዲያወርድ ከተፈለገ፣ የጨርቁ ስፋት በስንት እጅ መጨመር አለበት? መልሱ እላይ ካሉት ቁጥሮች በአንዱ ውስጥ ተደብቋል።